አራተኛ ፎቅ ላይ የቀሩ አረጋውያንና የጤና ጣቢያው ወረፋ

የኮዬው ጎረቤት

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ባለፈው ማክሰኞ፣ ኮዬ ፈጬ በሚገኘው ሕንጻችን አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት የ78 ዓመት እናትን በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠን፣ አራት ሆነን የወንበሩን አራት እግር ይዘን አወረድናቸው። ድንገተኛ ሕመም ገጥሟቸው አልነበረም። የግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን የሚወስዱበት ወርኃዊ ቀጠሮ ደርሶ ነው። ሕንጻው አሳንሰር የለውም። የኮንዶሚኒየም ዕጣው በወጣላቸው ጊዜ ጉልበታቸው ደህና ስለነበር የፎቁ ቁጥር አላሳሰባቸውም ነበር። ከታች ባጃጅ ይዘን ጤና ጣቢያ ደረስን፤ ካርድ ክፍል ተሰለፍን፣ ግፊታቸው ተለካ፣ ሐኪሙን ጠበቅን፣ ፋርማሲ ተሰለፍን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ወጥተን የተመለስነው ስምንት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ አልቋል ተባልን። ልጃቸው ካርዱን ይዛ ብትመጣስ ብለን ብንጠይቅም ታካሚዋ በአካል መቅረብ አለባቸው የሚል መልስ ተሰጠን።

ይህን የማነሳው ጤና ጣቢያውን ለመክሰስ አይደለም። ስለ አገራችን ሕዝብ በተነሳ ቁጥር «ወጣት አገር ነን» ስለምንባል ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ 60 ዓመት የሞላው ከሕዝቡ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ከ120 ሚሊዮን በላይ በሆነ ሕዝብ ውስጥ 5 በመቶ ማለት ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰው ነው፤ ከመላው የኖርዌይ ሕዝብ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 አማካይ የዕድሜ ጣሪያችን ከ50 ዓመት በታች የነበረ ሲሆን ዛሬ ከ65 አልፏል። አዲስ አበባን ለብቻዋ ብናያት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ 4.6 ሲሆን በአዲስ አበባ 1.8 ብቻ ነበር። ስለዚህ ቀድማ የምታረጀው ከተማችን ናት። ከከተማዋም ውስጥ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ የሰፈሩት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የጤና ሥርዓታችን የአረጋውያን ቁጥር ሲጨምር መጀመሪያ የሚሰበረው የቱ ጋ ነው? ከፍተኛ ገንዘብ ሳይጠይቅ ሊስተካከል የሚችልስ አለ?

ነጭ ጋዋን

ወንድሜ፣ በጤና ጣቢያ የክትትል ክፍል ለዘጠኝ ዓመታት በነርስነት አገልግያለሁ፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኜ የማየውን ልግለጽልዎ።

ሥርዓታችን የተገነባው ገብቶ ለሚወጣ ታካሚ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር፣ ሁለት ሴት ባለሙያዎች በየቀበሌው ሲመደቡ፣ ዓላማው እናቶችና ሕጻናት እንዳይሞቱ፣ ወባና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች እንዲገቱ ነበር። ክትባት፣ ወሊድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና በነጻ የሚሰጡትም ለዚሁ ነው። ውጤቱም በዓይን የታየ ነው፤ ዛሬ በዕድሜ የገፋ ሰው የበዛው ያ ሥራ ስለተሳካ ጭምር ነው። ነገር ግን ሕጻን ተከትቦ ይሄዳል፣ እናት ወልዳ ትሄዳለች፣ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚም ስድስት ወር መድኃኒቱን ወስዶ ከመዝገብ ይወጣል። የግፊትና የስኳር ታካሚ ግን አንዴ ከተመዘገበ የሚወጣው ሲሞት ብቻ ነው። በየወሩ አዲስ ይጨመራል፣ የቀድሞው ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከጎልማሳው 16 በመቶ የሚሆነው የደም ግፊት እንዳለበት ታይቷል፤ ዕድሜ ሲጨምር ድርሻው ይጨምራል። እኔ ሥራ ስጀምር የነበረን አንድ የመዝገብ መደርደሪያ ነው፤ ዛሬ አንዱ አይበቃም። ክፍሉ ግን ያው ክፍል፣ ወንበሩም ያው ወንበር ነው።

መድኃኒቱ ለአንድ ወር ብቻ የሚሰጥበት ምክንያት ክፋት አይደለም። ፋርማሲያችን የሚደርሰው የግፊቱ መድኃኒት አምሎዲፒን ወይም የስኳሩ ሜትፎርሚን በመጠን የተወሰነ ነው። ለአንዱ የሦስት ወር ከሰጠሁ ከኋላው ያሉት ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በአካል ይቅረቡ የሚባለውም ግፊታቸውን ሳንለካ ያንኑ መጠን መጻፍ አደገኛ ስለሆነ ነው። መለካቱን ግን የግድ እኔ፣ የግድ እዚያ ክፍል ውስጥ ማድረግ አለብኝ ወይ? ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ጡረተኛው መምህር

ነርሷ እህታችን ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ገንዘቡ ነው።

36 ዓመት አስተምሬ በ60 ዓመቴ በጡረታ ተገለልሁ። በሕጉ ስሌት ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ስለሚታሰብ የማገኘው የደመወዜን 62.5 በመቶ ነው። ቁጥሩ ሲሰሙት መልካም ይመስላል። ነገር ግን የሚሰላው በዛሬ ደመወዝ ሳይሆን በዚያን ጊዜው ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ሲወደድ የጡረታዬ መጠን አብሮ አልተራመደም። ጤና ጣቢያ ያጣሁትን ከነማ ፋርማሲ እፈልጋለሁ፣ እዚያ ካጣሁ ቀይ መስቀል እሄዳለሁ፣ እዚያም ከሌለ በግል ፋርማሲ የተጠራልኝን ዋጋ እከፍላለሁ ወይም ሳልገዛ እመለሳለሁ። ክኒኑን በየሁለት ቀኑ እየዋጡ አንዱን ወር ሁለት ወር የሚያደርጉ ጓደኞች አሉኝ። ይህን ለሐኪማቸው አይናገሩም፤ ሐኪሙም ግፊቱ አልወርድ ሲል መጠኑን ይጨምራል።

የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። መደበኛ ሠራተኛውንና ጡረተኛውን የሚያካትት ነበር። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው፣ ደመወዝተኛ ላልሆነው የተዘጋጀው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሲዳረስ፣ የእኛው ግን መዋጮው ከደመወዝና ከጡረታ ላይ ስለሚቆረጥ ተቃውሞ እየገጠመው ዓመታት ተቆጠሩ። ሳልዋሽ ልናገርና፣ ያኔ በመምህራን ክፍል ውስጥ ሆነን «ደመወዛችን አይነካ» ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። 48 ዓመቴ ነበር፤ ጉልበቴን ያመነ ሰው መድህን አይታየውም።

ቁጥር ወዳድ

ለሁላችሁም አክብሮቴን እየገለጽሁ የተለየ ሐሳብ አለኝ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አረጋውያንን ለመርዳት መንግሥት ሀብት እንደሚመድብ ሲደነግግ «የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደው» የሚል ገደብ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጠቅላላ የጤና ወጪያችን ሲሶው ገደማ ከቤተሰብ ኪስ የሚወጣባት፣ የውጭ እርዳታም ከፍተኛ ድርሻ የያዘባት አገር ናት። በዚህ አቅም አንድ ብር ለክትባት ማዋል ስድሳ ዓመት የሚኖር ሰው ሲያተርፍ፣ ያው ብር ለ80 ዓመት ታካሚ ሲውል የሚያተርፈው ጥቂት ዓመታትን ነው። ይህን ማለት ጭካኔ መስሎ እንደሚሰማ አውቃለሁ። ሆኖም በጀት የሚደለድል ሰው ይህን ስሌት ባይናገረውም ይሠራዋል።

ነጻ ሕክምና ለአረጋውያን የሚለው ሐሳብም ተፈትኗል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1973 ዕድሜያቸው 70 የሞላ ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲታከሙ ፈቀደች። ሆስፒታሎች ሕክምና ሳይሆን መኝታና ተንከባካቢ በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ተሞሉ፤ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ክፍያው በመጠኑ ተመለሰ። ያን የመሰለ ሀብታም አገር ያልተሸከመውን እኛ እንጀምረው?

ከለንደን ዳርቻ

ተወልጄ ያደግሁት አቃቂ ነው፤ አሁን እንግሊዝ ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ ቤት እሠራለሁ። ቁጥር ወዳድ ስለ ጃፓን ያነሱት የሆስፒታል አልጋ ጉዳይ እዚህም አለ፤ ለውይይታችን የሚጠቅም ይመስለኛል።

የዚህ አገር ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ከሐምሌ 1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰውን ሁሉ ያለ ክፍያ ያክማል። ነገር ግን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላትና ማንቀሳቀስ «ሕክምና» ተብሎ ስላልተቆጠረ የአካባቢ ምክር ቤቶች ሥራ ሆነ፤ በእንግሊዝ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ሀብት ያለው ሰው ወጪውን በራሱ ይሸፍናል። ውጤቱ ምን ሆነ? በቅርብ ዓመታት ክረምት፣ ሕክምናቸውን ጨርሰው ሐኪሙ «ይውጡ» ያላቸው ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች በየቀኑ አልጋ ላይ ይቆያሉ። የሚወጡበት ቤት ደረጃ አለው፣ ወይም ቀንና ማታ ብቅ ብሎ የሚያያቸው ሰው ገና አልተገኘም። እነሱ ባለመውጣታቸው ድንገተኛ ክፍል ያለው ታካሚ አልጋ አያገኝም፤ ድንገተኛ ክፍሉ ስለሞላ አምቡላንሱ ከደጅ ይቆማል።

የኮዬው ጎረቤት «መጀመሪያ የሚሰበረው የቱ ጋ ነው» ብለው ጠይቀዋል። እኔ በምሠራበት አገር የተሰበረው በሆስፒታሉ በርና በቤቱ ደረጃ መካከል ነው።

የአባቷ ልጅ

ይህን ክር ከትናንት ጀምሮ ሳነብ ቆይቼ ነበር። ቁጥር ወዳድን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ በሒሳብዎ ውስጥ እኔ በየትኛው መስመር ላይ ነኝ?

አባቴ የዛሬ ሦስት ዓመት ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አይታዘዝም። ሆስፒታል 11 ቀን ተኛ፤ ሲወጣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ተሰጠው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሃል ከተማ በኮንትራት ታክሲ ካልሆነ የሚወስደው አልነበረም፤ አራት ጊዜ ሄድን፣ አምስተኛው ላይ ገንዘቡ አለቀ። ሥራዬን ለቀቅሁ። ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚያስወጣን ዳይፐሩ ነው። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም፤ ያወቅሁት ቁስሉ ከወጣ በኋላ ነው። የትኛዋም ነርስ ቤታችን መጥታ ብታየን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ታስተምረኝ ነበር።

ልብ ይበሉ፣ በሥራ ላይ ሳለሁ ከደመወዜ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዬ 11 በመቶ ለጡረታ ይገባልኝ ነበር። አሁን ምንም አይገባም። 41 ዓመቴ ነው። አባቴን እያስታመምሁ የራሴን ጡረታ እየበላሁ ነው ማለት ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ይህ ሥርዓት ጡረታ የሌላትን አንዲት ተጨማሪ አሮጊት ይረከባል። እርስዎ ለ80 ዓመት ሰው የዋለ ብር ጥቂት ዓመት ብቻ ያተርፋል ብለዋል። በአንድ አልጋ ዙሪያ ስንት ሰው እንዳለ ግን አልቆጠሩም።

ቁጥር ወዳድ

እህቴ፣ ልክ ነዎት። አስታማሚውን አልቆጠርሁም፤ ሳይቆጠር የሚቀረውም በእኔ ሒሳብ ብቻ ሳይሆን በአገሪቱም ሒሳብ ነው። ስሌቱን እንደገና ብሠራው ለአረጋውያን የሚወጣው ሁሉ ውድ እንዳልሆነ እቀበላለሁ። የግፊት ክኒን ርካሽ ነው፤ ክኒኑ በመቅረቱ የሚመጣው ስትሮክ ግን አንድን ታማሚ አልጋ ላይ ጥሎ አንዲትን ሠራተኛ ከሥራዋ ያወጣል።

ስለ ጃፓን የተናገርሁትንም ላሟላ። ጃፓን መላ ሕዝቧን በጤና መድህን ያቀፈችው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን ያኔ 65 ዓመት የሞላው ከሕዝቧ 6 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ዛሬ 29 በመቶ ገደማ ነው። መድህኑን የዘረጋችው በወጣትነቷ ነው፤ የእንክብካቤ መድህን የሚባለውን ለብቻው ያቋቋመችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በፈረንሳይ የአረጋውያኑ ድርሻ ከ7 ወደ 14 በመቶ እስኪደርስ ከ100 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በጃፓን 24 ዓመት ብቻ። ዘግይቶ የጀመረ አገር ፈጥኖ እንደሚያረጅ ከዚህ ይታያል፤ አዲስ አበባ በየትኛው ፍጥነት እንደምትሄድ 1.8 የሚለው ቁጥር ፍንጭ ይሰጣል። የጡረተኛው መምህር ባልደረቦች በ2002 ዓ.ም. የተቃወሙት እንግዲህ ይህን ዕድል ነበር። ይቅርታ፣ ወቀሳ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር

ወቀሳ ነው፤ ተቀብያለሁ።

በዚያው ላይ ግን አንድ ነገር ላክል። የእርጅና ሕክምና ሁሉ ማለቂያ የሌለው ጉድጓድ ተደርጎ መታየት የለበትም። ቀደም ሲል በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ካለው የዓይነ ሥውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው የዓይን ሞራ ነው። እኔ ራሴ ሁለቱም ዓይኖቼ ጨልመው ልጄ እየመራኝ የምወጣበት ዓመት ነበር። የአንዱ ዓይን ቀዶ ሕክምና ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት ልጄ ፀጉሯን እንደተቆረጠች ነው። እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ እኔም ለሁለት የጎረቤት ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ። የሚድነውን ከማይድነው ለይቶ ማስቀደም ይቻላል።

የዕድር ጸሐፊ

ጤና ይስጥልኝ። የካ አባዶ በሚገኝ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ።

በድሮው ሰፈራችን ዕድሩ አባሉን ያውቀው ነበር፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ልጅ እንደሌለው፣ የማን በር ሁለት ቀን እንዳልተከፈተ። በዕጣ ተበትነን እዚህ ስንሰበሰብ የሕንጻ ቁጥር እንጂ የሰው ታሪክ አልያዝንም። አዲሱን ዕድር ስናቋቁም መተዳደሪያ ደንቡን ከድሮው ቀድተን ስለነበር ገንዘቡ የሚወጣው ለቀብር ብቻ ሆነ፤ ድንኳን፣ ወንበርና የምግብ ማብሰያ ዕቃ ሞልቶናል። አንድ አባላችን፣ የ74 ዓመት ሰው፣ ከፎቅ መውረድ አቅቷቸው ለሰባት ወር ክትትል ሳይሄዱ ቀሩ። ሲያርፉ ድንኳኑን በአንድ ሰዓት ውስጥ ተከልን። በዚያ ለቅሶ ላይ ነው አንዲት እናት «ይህን ያህል ሰው ለሬሳው ከተገኘ፣ ለሰውየው አራት ሰው እንዴት ጠፋ?» ያሉት።

ከዚያ ወዲህ በጠቅላላ ጉባኤ ደንቡን አሻሽለናል። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ «ዕድር የሞት ነው፣ ለሕመም ከከፈልን ለቀብር አይተርፍም» ያሉ ብዙ ነበሩ። በመጨረሻ ሦስት ነገር ገዛን፦ አንድ ተጣጣፊ የተሽከርካሪ ወንበር፣ አንድ መሸከሚያ ቃሬዛ፣ አንድ የግፊት መለኪያ። ነርስ የሆነች የአባል ልጅ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየዞረች ለ19 አረጋውያን ትለካለች፤ በትንሽ ደብተር ላይ ስምና ቀን ትጽፋለች። ደብተሩን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄደን፣ ልጆቻቸው መድኃኒቱን እንዲወስዱላቸው ብንጠይቅ ግን እስካሁን አዎንታዊ መልስ አላገኘንም። ወደ ምድር ቤት ቤት የመለወጡንም ነገር ሞክረን ነበር፤ ምድር ቤቱ ሱቅ ነው፣ የአንደኛ ፎቅ ነዋሪዎችም «እኛስ አናረጅም ወይ» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ነጭ ጋዋን

ጋሼ፣ ስለ ደብተሩ ላስረዳ። ባለሙያው የሚፈራው ነገሩን ያመጣው ሰው ማንነት ሳይሆን ኃላፊነቱ ነው። መለኪያው ትክክል ካልሆነ፣ ወይም ቁጥሩ ከቤት ተጽፎ ከመጣ፣ ታካሚው ቢወድቅ የሚጠየቀው ክኒኑን የጻፈው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለካርድ ክፍል ሳይሆን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ በዕድሩ ማኅተም በጽሑፍ ይቅረብ። የሚለካው ሰው ባለሙያ መሆኗ ይገለጽ፤ መለኪያው ከእኛው ጋር በየሦስት ወሩ ይመሳከር። በከተማ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እንዲሄዱ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ተመድበዋል፤ የቤተሰብ ጤና ቡድን በሚል የሚዞሩም አሉ። የእናንተ ደብተር በእነሱ በኩል ቢገባ «ከቤት የመጣ» መባሉ ይቀራል።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ግፊታቸው ለስድስት ወር የተረጋጋላቸውን ብቻ ለይታችሁ አቅርቡ። ለእነሱ የሁለት ወር መድኃኒት መስጠት የፋርማሲውን ክምችት ብዙ አያናጋም፤ እኛም ከሰልፉ የተወሰነ ሰው ይቀንስልናል። ኢንሱሊን የሚወጉትንና በቅርቡ ስትሮክ የመታቸውን ግን በደብተር አትሸፍኑ፤ እነሱ መታየት አለባቸው።

የአባቷ ልጅ፣ የሚኖሩበትን ወረዳ ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ጤና ቡድን በስም ጠይቀው አባትዎን ያስመዝግቡ። አልጋ ላይ ያለ ሰው በቤት ለቤት ጉብኝት ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ውስጥ ነው፤ ሳይነገራቸው ግን በሩን አያውቁትም።

የአባቷ ልጅ

ሰኞ ሄጄ አስመዘግባለሁ። የሦስት ዓመት ምክር በአንድ አንቀጽ አገኘሁ።

የኮዬው ጎረቤት

የሕንጻችን ኮሚቴ ትናንት ማታ ተሰብስቦ ነበር። ደብዳቤው እየተጻፈ ነው፤ ለእናታችንም ቀጣዩ ቀጠሯቸው በ23 ቀን ውስጥ ስለሆነ ከዚያ በፊት ለማድረስ አስበናል። የተሽከርካሪ ወንበር መግዣ ገንዘብ ገና አልተሟላምና ለጊዜው የፕላስቲኩ ወንበር ያገለግላል፤ አንዱ እግሩ ስለተሰነጠቀ በገመድ አስረነዋል።

ነጭ ጋዋን፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የጤና መኮንን ልትለካ ተስማምታለች። በደብተሩ ላይ የአንድ ጊዜ ልኬት ይበቃል ወይስ የሁለት ጊዜ ይጻፍ?

ነጭ ጋዋን

ሁለት፣ በሁለት ደቂቃ ልዩነት። ከመለካታቸው በፊት አምስት ደቂቃ ጀርባቸውን ወንበር ላይ አስደግፈው ይረፉ፣ አይናገሩ። ቡና ጠጥተው ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ።